ሳይቃጠል በቅጠል፦ በቆርቆሮ ግድግዳ ላይ የተበላሸ ሶኬት አለዋወጥ

የዛሬው ትምህርታችን ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ነው። ከእጅ መዳፍ አትበልጥም። በየመደብሩ፣ በየሻይ ቤቱ፣ በየፀጉር አስተካካዩ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ትታያለች። ሶኬት ትባላለች። ስፒናውን ሰክተን ኮረንቲ የምንቀዳው ከእሷ ነው። ስትሠራ ማንም ልብ አይላትም። ስትበላሽ ግን ንብረት ታቃጥላለች፤ ሰውም ትገድላለች።

የተበላሸች ሶኬት አውጥቶ አዲስ መተካት በራሱ ከባድ ሥራ አይደለም። ሦስት ሽቦና ጥቂት ብሎን ነው። ከባዱ ነገር ከሥራው በፊት የሚደረገው ጥንቃቄ ነው። ይልቁንም ግድግዳው ቆርቆሮ በሆነበት ቤት ውስጥ የሶኬት ጥፋት በሶኬቷ ላይ አይቆምም፤ ወደ ቤቱ ሁሉ ይዛመታል። የዛሬው ትምህርት ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

አንድ መደብር እንመልከት

አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር መደብር በሐሳባችሁ ሳሉ። ቋሚው የባሕር ዛፍ እንጨት ነው። ውጪው ቆርቆሮ ነው። ውስጡ በኮምፔንሳቶ ተለብዷል። በቆርቆሮውና በኮምፔንሳቶው መካከል ባዶ ክፍተት አለ። የኤሌክትሪኩ ሽቦ የሚያልፈው በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። በመደብሩ ውስጥ አንድ ፍሪጅ፣ አንድ የውሃ ማፍያና የስልክ ቻርጀሮች አሉ። ሁሉም ከአንዲት ሶኬት ላይ ተንጠልጥለዋል።

አንድ ቀን ጧት ሻጯ ልጅ ለማኅበሩ ሊቀ መንበር እንዲህ አለቻቸው እንበል፦

— ጋሼ፣ ይቺ ሶኬት ትሸታለች። ጭር ጭር የሚል ድምፅም አላት።

— ስፒናውን ጠበቅ አድርገሽ ስኪው ልጄ፤ ይሠራል።

— ባጠብቀውም ይላላል፤ ፊቷም ጠቁሯል። ደግሞ ትናንት ዝናብ ሲዘንብ በሩ አጠገብ ያለውን ቆርቆሮ ስነካ ነዘረኝ።

ሊቀ መንበሩ ስለ ሽታውና ስለ ድምፁ ብዙም አልተጨነቁም። «ነዘረኝ» የሚለውን ሲሰሙ ግን ደነገጡ። «በይ ዛሬ ማንም ግድግዳውን እንዳይነካ» አሉና ሄደው ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋና ማጥፊያ ዘጉ። ደግ አደረጉ። ለምን ደግ እንዳደረጉ ቀጥለን እንይ።

ቆርቆሮ ቤት ለምን ይለያል?

በአገራችን ወደ ቤት የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። በአንድ ሽቦ ይመጣል፤ በሌላ ሽቦ ይመለሳል። የሚመጣበትን ሽቦ ባለሙያዎች ላይን ወይም ፌዝ ይሉታል። የሚመለስበትን ኒውትራል ይሉታል። ሦስተኛው የመሬት ሽቦ ይባላል። ይህ ሦስተኛ ሽቦ በደህና ጊዜ ሥራ የለውም። ጥፋት ሲደርስ ግን ኮረንቲውን በሰው ሳይሆን በራሱ በኩል ወደ መሬት ይወስዳል።

መሬት ራሷ የኮረንቲ መመለሻ መንገድ መሆኗን አትርሱ። ስለዚህ በአንድ እጁ ላይኑን የነካ፣ በእግሩ ደግሞ እርጥብ መሬት የረገጠ ሰው ራሱ ሽቦ ሆነ ማለት ነው።

ደረቅ የጭቃ ግድግዳ ኮረንቲን በቀላሉ አያሳልፍም። ቆርቆሮ ግን ብረት ነው። በክፍተቱ ውስጥ ያለው ሽቦ ልብሱ ተልጦ ቆርቆሮውን ከነካ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ የብረቱ በር፣ ከምስማሩ ጋር የታሰረው የልብስ ማስጫ ሽቦ ሳይቀር ኮረንቲ ሊሸከም ይችላል። ቤቱ ሁሉ ሶኬት ሆነ ማለት ነው።

ሽቦው ለምን ይላጣል ብትሉ ምክንያቱ ብዙ ነው። የቆርቆሮ ጠርዝ እንደ ቢላ ይቆርጣል። ምስማር ሲመታ ሽቦ ይወጋል። እህል ባለበት ቤት አይጥ አለ፤ አይጥም ሽቦ ትበላለች። የጋለ ሶኬትም የሽቦውን ልብስ ያቀልጣል።

«ታዲያ ባልቦላው ወይም ብሬከሩ ለምን ወዲያው አይጠፋም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቆርቆሮው የቆመው በእንጨት ላይ ነው። ደረቅ እንጨት ኮረንቲ እንደ ልብ አያሳልፍም። ስለዚህ ኮረንቲው መሄጃ አጥቶ ግድግዳው ላይ ይጠብቃል። የሚጠብቀውም ሰው ነው።

ሰው ሲነካውም ቢሆን ብሬከሩ ላይጠፋ ይችላል። ለሶኬት መስመር የሚገጠመው ብሬከር ብዙውን ጊዜ 16 አምፔር ነው። በሰው አካል ውስጥ ግን 0.01 አምፔር ገደማ ሲያልፍ ጡንቻ ይኮማተራል፤ እጅ የጨበጠውን መልቀቅ ያቅተዋል። በተለምዶ «ኮረንቲ ያዘው» የምንለው ይህንን ነው። ከ0.03 አምፔር በላይ በልብ በኩል ካለፈ ሊገድል ይችላል። እስቲ 16ን ለ0.03 አካፍሉ። ውጤቱ ከ500 ይበልጣል። እንግዲህ ሰውን የሚገድለው ኮረንቲ ብሬከሩን ከሚያጠፋው ኮረንቲ ከ500 እጥፍ በላይ ያንሳል። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው እንጂ ሰውን አይደለም።

ሶኬት ያለ ምክንያት አይቃጠልም

አሮጌውን ጥሎ አዲስ መግጠም ብቻውን መፍትሔ አይደለም። የመጀመሪያዪቱን ያቃጠለ ምክንያት ሁለተኛዪቱንም ያቃጥላል። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች ሁለት ናቸው።

ሀ. መላላት። ሽቦው በብሎን ሥር ላላ ብሎ ከታሰረ ኮረንቲው ሲያልፍ ይግላል፤ ብልጭ ብልጭ ይላል። ጭር ጭር የሚለው ድምፅ ይህ ነው። በሶኬቷ ውስጥ ያሉት የመዳብ ከንፈሮችም ከብዙ መሰካትና መንቀል የተነሣ ይላላሉ፤ ስፒናውን አይጨብጡም።

ለ. ጭነት መብዛት። አህያ ከአቅሟ በላይ ከተጫነች ትወድቃለች። ሶኬትም እንደዚሁ ናት። ጭነቷን ለማወቅ በዕቃው ጀርባ የተጻፈውን ዋት አንብቡ። ዋቱን ለ220 አካፍሉ። የምታገኙት አምፔር ነው። ለምሳሌ 2000 ዋት የሆነ የውሃ ማፍያ፦

2000 ÷ 220 = 9 አምፔር ገደማ።

3500 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ፦

3500 ÷ 220 = 16 አምፔር ገደማ።

ደህና የሚባለው ሶኬት የሚሸከመው 16 አምፔር ነው። ምጣዱ ብቻውን ሞላው ማለት ነው። በዚያው ላይ ማፍያው ሲጨመር 25 አምፔር ይሆናል። ከአንዲት ሶኬት ላይ ማከፋፈያ እየቀጠሉ ሁሉንም መስካት ሶኬቷን ጥበስ ማለት ነው። ለምጣድ የራሱ መስመር፣ የራሱ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር በባለሙያ ሊዘረጋለት ይገባል።

ማን ይሥራው?

ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው መስመር የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሰጪው ድርጅት ነው። ቆጣሪውን መክፈት፣ ማኅተሙን መቁረጥ ክልክል ነው፤ አደገኛም ነው። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። ይሁንና የባለቤቱ ነው ማለት ማንም ይነካካዋል ማለት አይደለም። ሥራውን ከዚህ በፊት ከባለሙያ ጋር ሆኖ ያየ፣ መፈተሻ መጠቀም የሚችልና ዋናውን ማጥፊያ የሚያውቅ ሰው ይሥራው። «እጄ አልደፈረም» የሚል ሰው ባለሙያ ይጥራ፤ ነውር የለውም። ትምህርቱም አይባክንበትም፤ ባለሙያው በትክክል መሥራቱን ቆሞ ለማየት ይረዳዋል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

1. እጀታው በፕላስቲክ የተሸፈነ ካቻቢቴና ፒንሳ፤
2. የኮረንቲ መፈተሻ፤
3. የምትሠራ አምፖል ከነሽቦዋና ከነስፒናዋ፤
4. 16 አምፔር የተጻፈበት፣ የመሬት ሽቦ ማሰሪያ ያለው፣ ከግድግዳ በላይ የሚገጠም አዲስ ሶኬት ከነፕላስቲክ መቀመጫው፤
5. ደረቅ ጣውላ፣ የእንጨት ብሎን፣ ቁራጭ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ናስትሮና ሲባጎ፤
6. ደረቅ ጫማና የእጅ ባትሪ።

በርካሽ ተገኘ ብላችሁ የአምፔር ቁጥር ያልተጻፈበትን ሶኬት አትግዙ። ቁጥሩን ማንበብ ችላችኋልና አንብቡት።

አሠራሩ

አንደኛ፦ መዝጋት

ሥራው በቀን፣ ዝናብ በሌለበት ሰዓት ይሁን። መጀመሪያ በሶኬቷ ላይ የተሰካውን ሁሉ ንቀሉ። ቀጥሎ ዋናውን ማጥፊያ ዝጉ። ባልቦላ ከሆነ ባልቦላውን ነቅላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። በኪሳችሁ ያለውን ባልቦላ ሌላ ሰው ሊመልሰው አይችልም። ብሬከር ከሆነ ዝጉትና በላዩ ላይ ወረቀት ለጥፉ። በወረቀቱም ላይ በትልልቁ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

ሰው እየሠራ ነው። አትንኩ።

ይህች አጭር ጽሑፍ ነፍስ ታድናለች። ማንበብ የማይችል ሰው ግን ሊያልፍ ይችላልና አንድ ሰው በአጠገቡ ይቁም።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ በሉ።

መብራት ሄዷል ማለት ተዘግቷል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው «መብራት የለም፤ አሁን ልሥራ» ብሎ ይጀምራል። መብራቱ የሚመለስበትን ደቂቃ ግን ማንም አይነግረውም። መብራት በሌለበትም ሰዓት ቢሆን ዋናውን ዝጉ።

መስመሩ ከጎረቤት ቆጣሪ የተቀጠለ ከሆነ የእናንተን መዝጋት አይበቃም። መዘጋት ያለበት እዚያ ነው።

ጄኔሬተር ወይም 220 ቮልት የሚሰጥ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ ካለ እሱም ይዘጋ። ኮረንቲ በሁለት በር ሊገባ ይችላል።

ሁለተኛ፦ ማረጋገጥ

ጠፍቷል ብሎ ማመን ሌላ ነው፤ መጥፋቱን ማረጋገጥ ሌላ ነው። መፈተሻው ራሱ የተበላሸ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዋናውን ከመዝጋታችሁ በፊት ኮረንቲ እንዳለው በምታውቁት ሌላ ሶኬት ላይ ሞክሩት፤ መብራት አለበት። ዋናውን ከዘጋችሁ በኋላ በምትለውጡት ሶኬት ላይ ሁለቱንም ቀዳዳዎች ፈትሹ። አንዱን ብቻ ማየት አይበቃም። ከዚያም ወደ ቆርቆሮው ሂዱና በሁለት በሦስት ቦታ ቀለምና ዝገት በሌለበት ብረት ላይ አስነኩት። በመጨረሻ ኮረንቲ ባለው በሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ በጎረቤት ሶኬት ላይ፣ መፈተሻው አሁንም እንደሚሠራ እንደገና አረጋግጡ።

የካቻቢቴ መልክ ያለው መፈተሻ የሚበራው አውራ ጣታችሁ ኋላው ላይ ያለውን ብረት ሲነካ ብቻ ነው። የፊተኛውን ብረት ግን ፈጽሞ አትንኩ። በፀሐይ ብርሃን መብራቱ አይታይም፤ በእጃችሁ አጥሉበት።

አምፖሏንም ሰክታችሁ እዩ። አምፖል አለመብራቷ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የመመለሻው ሽቦ ተበጥሶ ከሆነ አምፖል አትበራም፤ ላይኑ ግን ኮረንቲ እንደያዘ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ፈተና ይደረግ።

ዋናው ተዘግቶ እያለ መፈተሻው ከበራ፣ ወይም ዋናው ሲከፈት ቆርቆሮው ላይ ከበራ፣ ሥራውን እዚያው አቁሙ። ቤቱን ለቃችሁ ውጡ፤ ሰው እንዳይነካው ጠብቁ፤ ባለሙያ ይጠራ። ሶኬት በመለወጥ ብቻ የሚድን በሽታ አይደለም።

በምሳሌያችን ያለችው ልጅ «ነዘረኝ» ብላለች። እንዲህ ያለ ምልክት በታየበት ቤት ሶኬቷን ከመንካት በፊት የተላጠው ሽቦ በባለሙያ ተፈልጎ መገኘት አለበት።

ሦስተኛ፦ ማውጣት

የሶኬቷን ክዳን ብሎን ፍቱ። ክዳኑን አንሡ። ሶኬቷን የያዙትን ብሎኖች ፈትታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ እናንተ ሳቡ። በኃይል አትጎትቱ፤ ከኋላ ያለው ሽቦ ቆርቆሮ ላይ ተፋፍቆ ሊላጥ ይችላል።

ሽቦዎቹን ከመፍታታችሁ በፊት የትኛው ሽቦ የት እንደታሰረ በወረቀት ላይ ሳሉ። ቀለሙንም ጻፉ። በአዲሱ ደንብ ቡናማ ላይን ነው፤ ሰማያዊ ኒውትራል ነው፤ አረንጓዴና ቢጫ የመሬት ሽቦ ነው። ይሁን እንጂ በብዙ አሮጌ ቤቶች ሠራተኛው በእጁ ያገኘውን ቀለም ነው የዘረጋው። ቀለምን ማመን ሳይሆን መፈተሻን ማመን ይሻላል።

አሁን ባዶ ግድግዳ ላላቸው ቤቶች አንድ ብልኃት እንንገራችሁ። ሽቦዎቹን ስትፈቱ ወደ ክፍተቱ ተንሸራተው ይጠፋሉ። እነሱን ለማውጣት ኮምፔንሳቶ መቅደድ ይመጣል። ስለዚህ ከመፍታታችሁ በፊት ገመዱን በሲባጎ እሰሩና ሲባጎውን በምስማር ላይ ጠምጥሙ።

አራተኛ፦ መመርመር

አሮጌዪቱን ሶኬት ገልብጣችሁ እዩ። የጠቆረው የት ነው? በአንድ ብሎን ሥር ብቻ ከሆነ መላላት ነው ያቃጠላት። ሁሉም ቦታ ከቀለጠ ጭነት በዝቶባታል።

ቀጥሎ ሽቦውን እዩ። ጫፉ ከጠቆረ ንጹሕ ቀይ መዳብ እስኪታይ ድረስ ቁረጡት። ልብሱ ደርቆ እንደ ቅርፊት የሚረግፍ ከሆነ ሽቦው ራሱ ተጎድቷል፤ መለወጥ አለበት። የእጅ ባትሪ አብርታችሁ ወደ ክፍተቱ ተመልከቱ። የአይጥ ጥርስ ያረፈበት፣ በምስማር የተወጋ፣ በቆርቆሮ ጠርዝ የተፋፋቀ ሽቦ ካያችሁ አዲስ ሶኬት አትግጠሙ። መጀመሪያ ሽቦው ይለወጥ።

ለሶኬት የሚሆነው የመዳብ ሽቦ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። 1.5 ለመብራት ነው። የመብራት ሽቦ በሶኬት ላይ ማሰር በቀጭን ጠፍር በሬ እንደ መጥመድ ነው።

ሽቦው ካጠረ ጠምዝዛችሁ በናስትሮ ጠቅልላችሁ ግድግዳ ውስጥ አትቅበሩት። በክፍተት ውስጥ የተደበቀ መገጣጠሚያ ሲላላ ማንም አያየውም። ይልቅ አዲሷን ሶኬት ሽቦው ወደሚደርስበት ቦታ አዛውሯት።

አምስተኛ፦ ግድግዳውን ማዘጋጀት

ኮምፔንሳቶ ቀጭን ነው፤ ብሎን አይዝም። ስፒና ሲነቀል ሶኬቷ አብራ ትወጣለች። ስለዚህ ደረቁን ጣውላ በቋሚው እንጨት ላይ በእንጨት ብሎን እሰሩ። የሶኬቷን የፕላስቲክ መቀመጫ በጣውላው ላይ ግጠሙ። ከወለሉ ቢያንስ አንድ ክንድ ከፍ ይበል፤ የወለል እጥበት ውኃ እንዳይረጨው።

ብሎኑ ቋሚውን እንጨት አልፎ ቆርቆሮውን እንዳይወጋ ርዝመቱን አስቀድማችሁ ለኩ። ከጣውላው ጀርባ ሽቦ እንዳያልፍም እዩ። ሽቦው ቆርቆሮውን አልፎ የሚገባበት ቀዳዳ ካለ ጠርዙን ሞርዱና ቁራጩን የፕላስቲክ ቱቦ አስገቡበት። ሽቦው በቱቦው ውስጥ ይለፍ። ይህች ቁራጭ ቱቦ ዋጋዋ ጥቂት ነው። ግድግዳው ኮረንቲ እንዳይዝ የምትከላከለው ግን እሷ ናት።

ስድስተኛ፦ ማሰር

ከእያንዳንዱ ሽቦ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ልጡ። ሲላጥ መዳቡ እንዳይቆረጥ ተጠንቀቁ። ክር ክር የሆነ ሽቦ ከሆነ በጣታችሁ አጥብቃችሁ ፍተሉት፤ አንድም ክር ወደ ውጪ እንዳይቀር። የመሬቱን ሽቦ መጀመሪያ በራሱ ማሰሪያ እሰሩ። ከዚያ ላይኑንና ኒውትራሉን ግራና ቀኝ እሰሩ። ሶኬቷ ላይ ምልክት ካለ ምልክቱን ተከተሉ። ብሎኑ የሚጫነው መዳቡን እንጂ ልብሱን አይሁን። የተላጠ መዳብ ከብሎኑ ውጪ አይታይ።

አሁን እያንዳንዱን ሽቦ ይዛችሁ ሳቡት። ከወጣ አልታሰረም። ከዚህች መሳብ የሚበልጥ ፈተና የለም።

የመሬት ሽቦ ከሌለስ? ብዙ ቤት ውስጥ የለም። እንደሌለ እወቁት፤ አታስመስሉ። የመሬቱን ማሰሪያ ከኒውትራሉ ጋር ማገናኘት ወይም በገዛ ግምት ከቆርቆሮው ጋር ማሰር ትልቅ ስሕተት ነው። ቤቱን በሞላ ኮረንቲ ማስያዝ ይሆናል። ባለሙያ መጥቶ የመሬት ዘንግ ይቅበር፤ ቆርቆሮውንም በደንቡ ከእሱ ጋር ያያይዝ። በዋናው ማጥፊያ አጠገብም ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር የሚባለውን ያስገባ። ይህ መሣሪያ የሄደውንና የተመለሰውን ኮረንቲ ያመዛዝናል። 0.03 አምፔር ያህል መንገድ ከሳተ በቅጽበት ይዘጋል። ተራው ብሬከር ሽቦን ይጠብቃል፤ ይህኛው ግን ሰውን ይጠብቃል። መፈተኛ ቁልፍ ስላለው በየወሩ አንድ ጊዜ ተጭናችሁ መዝጋቱን እዩ። ቆርቆሮ ቤት ያለው ማኅበር ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ቢገዛ ገንዘቡ አልባከነም።

ሰባተኛ፦ መፈተሽ

ክዳኑን ግጠሙ። ሰዎች ከግድግዳው ይራቁ። ወረቀቱን አንሥታችሁ ዋናውን ክፈቱ። ከሁሉ በፊት መፈተሻውን ቆርቆሮው ላይ አስነኩ። መብራት የለበትም። ከዚያ ሶኬቷን ፈትሹ። አምፖሏን ሰክታችሁ እዩ። በመጨረሻ አንድ ዕቃ ብቻ ሰክታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል አሠሩ። ዕቃውን አጥፉና በእጃችሁ ጀርባ የሶኬቷን ፊት ዳሰስ አድርጉ። ለብ ማለት ያለ ነው። እጅ የሚያስነሣ ግለት ካለ ግን የሆነ ቦታ ልል ነው ወይም ጭነቱ በዝቷል። ዋናውን ዝጉና እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሩ።

ሰው ኮረንቲ ቢይዘው

ሮጣችሁ አትንኩት። እሱን የነካ አብሮት ይያዛል። መጀመሪያ ዋናውን ዝጉ። መዝጋት ካልተቻለ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ሽቦውን ከእሱ አርቁ። እንጨቱ ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ እንጨት ኮረንቲ ያሳልፋል። ግድግዳው ሁሉ ኮረንቲ ከያዘ ዋናውን ከመዝጋት በቀር ሌላ መንገድ የለም። ለዚህ ነው የዋናው ማጥፊያ ቦታ በቤቱ ለሚሠራ ሁሉ መታወቅ ያለበት።

ከተላቀቀ በኋላ የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኙት። ሁለት መዳፋችሁን ደራርባችሁ በደረቱ መካከል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እያሰመጣችሁ ተጫኑ። እርዳታ እስኪደርስ አታቋርጡ። ራሱን ለሳተ ሰው ምንም ነገር አታጠጡ። ቢነቃም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የኮረንቲ ጉዳት ከውጪ ሳይታይ ልብን ሊያውክ ይችላል።

ሶኬት እሳት ከያዘ ውኃ አትድፉበት። ዋናውን ዘግታችሁ ደረቅ አሸዋ ወይም አፈር በትኑበት።

የቃላት መፍቻ

ሶኬት፦ ግድግዳ ላይ ያለችው፣ ቀዳዳ ያላት መሰኪያ።
ስፒና፦ በዕቃው ገመድ ጫፍ ያለው፣ ሶኬት ውስጥ የሚገባው ባለ እግር።
ባልቦላ፦ ኮረንቲ ሲበዛ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ቀልጦ መስመሩን የሚዘጋ።
ብሬከር፦ የባልቦላን ሥራ የሚሠራ፣ ሳይቀልጥ የሚዘጋና የሚከፈት ማጥፊያ።
ናስትሮ፦ ኮረንቲ የማያሳልፍ ጥቅል ማጣበቂያ።

መልመጃ

በቡድን ሆናችሁ አንብቡና መልሱ።

1. መብራት በሄደበት ሰዓት ዋናውን ሳይዘጉ መሥራት ለምን አደገኛ ነው?
2. አምፖል አልበራም ማለት ኮረንቲ የለም ማለት ነውን?
3. አንድ ካውያ 1100 ዋት ነው። ስንት አምፔር ይወስዳል?
4. 1100 ዋት የሆነ ካውያና 3500 ዋት የሆነ ምጣድ ባንዲት ሶኬት ላይ ቢሰኩ ሶኬቷ ትችላለችን?
5. ብሬከር ሰውን የማይጠብቀው ለምንድን ነው?

የ3ኛው መልስ 5 አምፔር ነው። የ4ኛው መልስ አትችልም ነው፤ 21 አምፔር ገደማ ይሆናልና። የቀሩትን ከትምህርቱ ውስጥ ፈልጉ።

ውድ አንባቢያን፤ ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትገቡ አንድ ነገር አድርጉ። በሶኬቶቻችሁ ዙሪያ እዩ፤ አሽትቱ፤ ስሙ። የጠቆረች፣ የምትሸት፣ ጭር ጭር የምትል ካለች ዛሬውኑ ከአገልግሎት ውጪ አድርጓት። ማንበብ ለማይችለው ጎረቤታችሁም ይህን ትምህርት አንብቡለት። ዋናው ማጥፊያ የት እንዳለ ለልጆቻችሁ አሳዩ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።